የአዋሽ ባቡር ጣቢያ፦ ውኃው፣ ሃዲዱና ማደሪያው

እንደምን ዋላችሁ። ለገሃርን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም፤ ድሬዳዋም ስሟ ሲነሳ ሸመንደፈር አብሮ ይነሳል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ግን የሚታወቀው በኬላውና በሙቀቱ ነው። በዚህች ትንሽ ከተማ ያለው አሮጌ የባቡር ጣቢያ ለሦስት ነገር የተሠራ ነበር፦ ለባቡሩ ውኃ፣ ለመንገደኛው ማደሪያ፣ ለነጠላው ሃዲድ ደግሞ መተላለፊያ እንዲሆን። ስለ ጣቢያው የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ቤቱ ነው። እኔ ግን ቤቱ ከጣቢያው ትንሹ ክፍል ነው እላለሁ፤ ዛሬ የማስረዳውም ይህንኑ ነው። ዓመታቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ታሪኩን በአጭሩ እናስቀምጠው። ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር መንገዱን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ነው። ሥራው ከጂቡቲ በ1890 ተነሳ፤ ሃዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ነው። እዚያ ሲደርስ ቆመ። የኩባንያው ገንዘብ አለቀ፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ፉክክር ደግሞ በላዩ ላይ ተጨመረበት፤ ኩባንያው ከሰረና ፈረሰ። በ1900 አዲስ ፈቃድ ለምኒልክ ሐኪም ለዶክተር ዮሴፍ ቪታሊየን ተሰጠ፤ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር የተባለው ኩባንያም የቀረውን ሥራ ተረከበ። ሃዲዱ አዋሽን ያገኘው በ1905 አካባቢ ነው። አቃቂ በ1907፣ አዲስ አበባ በ1909 ደረሰ። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። ስለ አዋሽ ጣቢያ ሆቴል በሚጻፉ የጉዞ ጽሑፎች ላይ የተመሠረተበት ዓመት ከሃዲዱ ቀድሞ ተጽፎ ብታገኙት አትመኑት። ከ1895 እስከ 1900 ድረስ ሃዲዱ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር። ባቡር በሌለበት በረሃ የባቡር ሆቴል የሚሠራ ነጋዴ አይገኝም።

ጣቢያው ለምን እዚያ ቦታ ሆነ? ካርታ ዘርግታችሁ ቁጥሩን አስሉት። ከጂቡቲ እስከ ድሬዳዋ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ 470 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። 470ን ለሁለት ስትከፍሉት 235 ይወጣል፤ ከአዲስ አበባ 235 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ስትቆጥሩ ደግሞ አዋሽ አካባቢ ታርፋላችሁ። በእንፋሎት ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። የፊት መብራቱ ደካማ ነው፤ በረሃው ውስጥ ድንገተኛ ጎርፍ ጠጠሩን ጠርጎ ሃዲዱን አየር ላይ አንጠልጥሎት ሊያድር ይችላል፤ ከብትና ግመል ሃዲዱ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፦ የመጀመሪያው ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛው ሌሊት አዋሽ፣ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ። የአዋሽ ሆቴልም ሆነ ከተማዋ ከዚህ የቀን ስሌት የተወለዱ ናቸው።

ሌላው ምክንያት የመሬቱ አቀማመጥ ነው። አዋሽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ጣቢያ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በአንድ ቀን ጉዞ ከ1,300 ሜትር በላይ መውጣት አለ። ባቡር ዳገትን የሚፈራው ከመኪና በበለጠ ነው፤ የብረት ጎማ በብረት ሃዲድ ላይ የሚይዘው ጥቂት ነውና። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ሃዲዱ በየ1,000 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ የሚል ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ቶን ጭነት በደልዳላው መሬት ላይ ከሚያስፈልገው በተጨማሪ 10 ኪሎ የመጎተት ኃይል ይጠይቃል። 300 ቶን የሚመዝን ባቡር 3 ቶን ተጨማሪ ጉተታ ፈለገ ማለት ነው። ባቡሩን የሚጎትተው ሎኮሞቲቭ ይህን ካጣ ያለው ምርጫ አንድ ነው፤ ፉርጎ ቆርጦ ጣቢያ ላይ ትቶ መሄድና ተመልሶ መውሰድ። ከዳገት በታች ያለ ጣቢያ ሁሉ ተቆርጦ የሚቆም ፉርጎ ማስቀመጫ ተጨማሪ መስመር የሚፈልገው ለዚህ ነው።

ዲዝል ከመጣ በኋላም ዳገቱ አልቀረም። አየር በግፊት የማይሞላለት የዲዝል ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታው ወደ 1 በመቶ ገደማ ኃይል ያጣል። አዋሽ ላይ በሙሉ ጉልበቱ የተነሳው ሞተር አዲስ አበባ ሲደርስ ከስምንቱ አንዱን ያህል ጥሎ ነው የሚገባው።

አሁን ወደ ውኃው እንምጣ። በዚህ መስመር ላይ ከሁሉ የከበደው ጉዳይ እርሱ ስለነበር ጠለቅ ብለን እንየው።

በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ አንድ ኪሎ ከሰል ሲነድ ከ6 እስከ 8 ሊትር ውኃ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ያ እንፋሎት ፒስተኑን ገፍቶ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ አይመለስም። ባቡሩ በኪሎ ሜትር 80 ወይም 100 ሊትር ይፈጃል ብንል፣ ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ ያለው 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ከ19,000 እስከ 24,000 ሊትር ይጠይቃል። ከሎኮሞቲቩ ኋላ የሚጎተተው የውኃ ጋን 10,000 ሊትር ቢይዝ፣ በመንገድ ላይ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ለጥንቃቄ ደግሞ ሁለት ጊዜ መሞላት አለበት። በበረሃው መካከል ሰው በማይኖርበት ቦታ ሁሉ ትናንሽ ጣቢያዎች ተደርድረው የምታዩት ለተሳፋሪ ተብሎ አይደለም። ሎኮሞቲቩ ይጠማል።

የውኃ ማማውም የራሱ ሥርዓት አለው። ጋኑ ከመሬት 5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ውኃው ያለ ፓምፕ በራሱ ክብደት እንዲወርድ። ጋኑን የሚሞላው ፓምፕ ደካማ ቢሆንም ግድ የለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ይሞላዋል። ወደ ሎኮሞቲቩ የሚወርደው ቧንቧ ግን ወፍራም መሆን አለበት። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቧንቧ ውኃው በሰከንድ 2 ሜትር ቢፈስ 10,000 ሊትር በ5 ደቂቃ ገደማ ይሞላል። በ5 ሴንቲ ሜትር ቧንቧ ቢሆን በዚያው ፍጥነት ከ40 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ ባቡሩም በየጣቢያው 40 ደቂቃ ሲቆም ቀኑ ያልቃል። አሮጌ ጣቢያ ስትጎበኙ የወፍራም ቧንቧ ቁራጭ ከመሬት ብቅ ብሎ ካያችሁ የውኃ ማማው ቆሞበት የነበረው ቦታ አጠገቡ ነው።

የውኃው ጥራትም ጣጣ አለው። የቆላ ውኃ ኖራና ጨው ይበዛዋል። ውኃው ሲተን ማዕድኑ ውኃው በሚፈላበት የብረት ጋን፣ በቦይለሩ ውስጥ ይቀራል፤ በጊዜ ብዛት በቧንቧዎቹ ላይ እንደ ድንጋይ ይጋገራል። ይህ ቅርፊት ሙቀቱ ወደ ውኃው እንዳይደርስ ይከላከላል። ውጤቱ ሁለት ነው፦ ከሰል ይባክናል፣ ብረቱ ደግሞ ውኃ ሳያቀዘቅዘው ከመጠን በላይ ግሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቦይለር በየጊዜው ይታጠባል፤ መታጠቢያው ደግሞ ራሱ ብዙ ውኃና አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይፈልጋል፤ ቦይለሩ መጀመሪያ ሊቀዘቅዝ ይገባዋልና። ትኩስ ቦይለር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ የለቀቀ ሠራተኛ ብረቱን ያሰነጥቀዋል።

በ1940ዎቹ የዲዝል ሎኮሞቲቮች ሲገቡ ይህ ሁሉ ድካም በአጭር ጊዜ ዋጋ አጣ። ከዚያ በፊትም በጣሊያን ወረራ ዘመን ፊያት ሠራሽ ሊቶሪናዎች መስመሩ ላይ ገብተው ነበር፤ እነዚህ ሞተራቸውን ራሳቸው ይዘው የሚሄዱ ፈጣን የመንገደኛ ፉርጎዎች ናቸው፤ ውኃ ለመሙላት በየጣቢያው አይቆሙም። ሊቶሪና አዋሽ ላይ ማደር አያስፈልጋትም ነበር። ብዙ ትናንሽ ጣቢያዎች የደከሙት ባቡሩ ሲቆም ሳይሆን ባቡሩ ሲፈጥን ነው ብል የምታስታውሱት ምሳሌ ይኸው ነው።

ማደሪያው፣ ማለትም ቡፌ ደ አዋሽ፣ ከጣቢያው ጋር ፊት ለፊት ተያይቶ የተሠራ ነው። ለረጅም ዘመን የግሪክ ተወላጆች እንደያዙት በከተማዋ ይታወቃል። ነጭ ኖራ የተቀባ ግድግዳ፣ ጥላ የሚጥል በረንዳ፣ ግቢውን የሚያለብስ ቡጌንቪል። ይህ ሁሉ ውበት ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱን የመከላከያ ዘዴ ነው። ነጭ ኖራ የፀሐይን ብርሃን ይመልሳል፤ በረንዳው ፀሐይ ግድግዳውን በቀጥታ እንዳትመታው ያደርጋል፤ ከፍ ያለ ጣሪያ ሞቃቱ አየር ከሰው ራስ በላይ እንዲሰበሰብ ይለቀዋል። ወፍራም ግድግዳ ግን ሁለት ገጽታ አለው። ቀን ቀን ያቀዘቅዛል፤ የዋጠውን ሙቀት ሌሊት ወደ ክፍሉ ይመልሳል። ስለዚህ የበረሃ ሆቴል ውስጥ በረንዳ ላይ መተኛት ልማድ ቢሆን አይገርምም።

ምግብ ቤቱን የሚያስተዳድር ሰው ሥራው ከአስተናጋጅነት ይልቅ ከጣቢያ ኃላፊነት ይቀርብ ነበር። ባቡሩ ሲዘገይ ራት ይዘገያል፤ ባቡሩ ሲመጣ ደግሞ አንድ ባቡር ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ ይራባል። ጎረቤት ጣቢያ ባቡሩ መነሳቱን በስልክ ሲያስታውቅ ወሬው ወደ ወጥ ቤቱም መሄድ ነበረበት። ሆቴሉ ባቡሩ ከቀረ በኋላም ለዓመታት እንግዳ ሲቀበል ኖሯል፤ የመኪና መንገደኛ ስላላጣ ነው።

ሃዲዱ ነጠላ ነበር። በነጠላ ሃዲድ ላይ ሁለት ባቡር በተቃራኒ አቅጣጫ ሲመጡ የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው። ለዚህ ከዋናው መስመር ጎን ለጎን ሄዶ በሁለቱም ጫፍ ተመልሶ የሚገጥም መተላለፊያ መስመር ይዘረጋል። ርዝመቱን የሚወስነው በመስመሩ ላይ የሚሄደው ረጅሙ ባቡር ነው። እያንዳንዳቸው 11 ሜትር የሆኑ 15 ፉርጎዎች 165 ሜትር ይይዛሉ፤ ሁለት ሎኮሞቲቭ 28 ሜትር ጨምሩበት፤ 193 ሆነ። በየጫፉ 20 ሜትር መጠባበቂያ ሲጨመር ከ230 ሜትር በላይ ያስፈልጋል። መጠባበቂያው ቅንጦት አይደለም። ሁለቱ መስመሮች በሚገናኙበት ጫፍ አካባቢ ሃዲዶቹ ይቀራረባሉ፤ የመጨረሻው ፉርጎ ጅራት ከዚያ ድንበር አንድ ሜትር እንኳ ቢያልፍ፣ የሚመጣው ባቡር በጎኑ ይጠርገዋል። በትናንሽ ጣቢያዎች ከሚደርሱ አደጋዎች አንዱ ይህ ነው፤ መንስኤውም አብዛኛውን ጊዜ ፍሬን ሳይያዝለት የቆመ ፉርጎ ቀስ ብሎ መንሸራተቱ ነው።

የሃዲድ መቀያየሪያውም ጥንቃቄ ይሻል። ሁለት የሾሉ ብረቶች ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሄደው ዋናውን ሃዲድ ተጠግተው ይገጥማሉ። በሹሉ ብረትና በሃዲዱ መካከል ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ከቀረ የጎማው ከንፈር እዚያ ክፍተት ውስጥ ሊገባና አንዱን ጎማ ወደ ግራ ሌላውን ወደ ቀኝ ሊመራ ይችላል። በቆላ ይህን ክፍተት የሚፈጥረው አሸዋና ጠጠር ነው። ስለዚህ ጠባቂው ከእያንዳንዱ ባቡር በፊት መጥረጊያ ይዞ ይወርዳል፤ ይጠርጋል፤ ተንሸራታቹን ሰሌዳ በትንሹ ዘይት ይቀባል፤ ማንሻውን ይገለብጣል፤ ከዚያ ዓይኑን ሹሉ ላይ አድርጎ መግጠሙን ያረጋግጣል። ዘይት ማብዛት ደግሞ ሌላ ስህተት ነው፤ አሸዋውን ይይዝና ጭቃ ያደርገዋል።

ባቡር ከጣቢያ የሚወጣው በስልክ ነው። የአንዱ ጣቢያ ኃላፊ ለቀጣዩ ደውሎ መስመሩ ባዶ መሆኑን ይጠይቃል፤ የተሰጠውን መልስ ቃል በቃል ደግሞ ያነባል፤ ሁለቱም ሰዓቱን በመዝገብ ይጽፋሉ። ይህ መደጋገም አሰልቺ ይመስላል፤ ግን በነጠላ መስመር ላይ ሁለት ባቡር እንዳይጋጩ ያለው መከላከያ ይኸው ብቻ ነው። የስልክ ሽቦ በነፋስ ወይም በሌባ ሲቆረጥ ባቡሮች የሚቆሙት ለዚህ ነው።

የሃዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ከሃዲዱ ሥር ተጋድሞ የሚሸከመው አግዳሚ በእንጨት ፋንታ ከብረት እንዲሆን የተመረጠው ምስጥ ስለማይበላው ነው። አንድ ኪሎ ሜትር 1,500 ያህል አግዳሚ ይወስዳል። አግዳሚው ሃዲዱን የሚይዘው በብሎንና በመቆንጠጫ ነው፤ ብሎኑ ሲላላ የሃዲዶቹ ርቀት መስፋት ይጀምራል። ጠመዝማዛ ቦታ ላይ ይህ ቶሎ ይታያል፤ ጎማው የውጭውን ሃዲድ ይገፋዋልና። የጥገና ቡድኑ መለኪያ ዘንግ ይዞ ይሄዳል፤ 15 ወይም 20 ሚሊ ሜትር መስፋት ካየ ብሎኑን ያጠብቃል፤ ክሩ ካለቀ ይቀይረዋል። ለብዙ ዓመታት መለዋወጫ ሲጠፋና የአገልግሎቱ ገቢ ሲመናመን በመጀመሪያ የሚቀረው ይህ ሥራ ነው። አግዳሚው ደግሞ ለቤት ምሰሶና ለአጥር ይፈለጋል፤ ባቡሩ ከቆመ በኋላ ከብዙ ቦታ ተነቅሎ ተወስዷል።

የቆላው ፀሐይም ሥራ አለው። ብረት በአንድ ዲግሪ ሙቀት በእያንዳንዱ ሜትር 0.0115 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። 12 ሜትር የሆነ ሃዲድ ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን በ40 ዲግሪ ቢሞቅ 5.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ስለዚህ በሃዲድና ሃዲድ መካከል ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል፤ የባቡሩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅም ከዚያ ነው የሚመጣው። ሁለቱን ሃዲዶች የሚያገናኘው ብረት በዝገት ተጣብቆ መንሸራተት እምቢ ሲል ሃዲዱ የሚረዝምበት ያጣና ወደ ጎን ይጎብጣል። ያን ቀን ማለዳ ያለፈ ባቡር ያላየው ጉብጠት ቀትር ላይ ይጠብቃል። መፍትሔው ማገናኛውን በዓመት አንድ ጊዜ ፈትቶ መቦረሽና ቅባት መቀባት ነው፤ የሚሠራውም በማለዳ ነው፤ ቀትር ላይ ብሎኑን የፈታ ሰው መልሶ አይገጥመውም።

ስለ አዋሽ ሲነገር ገደሉን መዝለል አይቻልም። የአዋሽ ወንዝ ገደል ከጣቢያው ቅርብ ነው፤ ሃዲዱም በብረት ድልድይ ይሻገረዋል። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1928 በባቡር ወደ ጂቡቲ ሲወርዱ ያለፉት በዚሁ መስመር ነው። በመጋቢት 1933 የጣሊያን ጦር ሲያፈገፍግ የባቡሩንም የመኪናውንም ድልድይ አፈራርሶ ሄደ፤ የእንግሊዝ ጦር ግን ገደሉን ተሻግሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ አዲስ አበባ ገባ። የድልድይ መፍረስ እግረኛን ለቀናት ያዘገያል፤ ባቡርን ለወራት ያቆመዋል። በ1969 እና በ1970 በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በምሥራቅ በኩል ድልድዮች ሲፈነዱ መስመሩ የተዘጋው በዚሁ ምክንያት ነው።

በጥር 1977 በአዋሽ አቅራቢያ የደረሰው አደጋ በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከከፉት አንዱ ነው። ከ400 በላይ ሰዎች ሞተዋል። መንገደኛ የጫነው ፈጣን ባቡር በገደል ላይ ያለ ጠመዝማዛ ድልድይ ሲደርስ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከሃዲዱ ወጣ፤ ፉርጎዎቹ ወደ ገደሉ ወደቁ። ከሃዲድ የሚያስወጣው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በፍጥነቱ ላይ ፍጥነቱ ተባዝቶ ነው የሚያድገው። ከ30 ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲጨመር ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ለጠመዝማዛ ቦታ የተጻፈ የፍጥነት ገደብ የተሰጠ ምክር የሚመስለው ሰው ይህን ቁጥር ይያዝ።

መስመሩን ያደከመው ግን አደጋ ብቻ አልነበረም። አዋሽ ላይ የመኪናው መንገድ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ፣ ሌላው በሚሌ በኩል ወደ አሰብና ጂቡቲ። ይህ አስፋልት ከተሠራ በኋላ ከባድ ጭነት ወደ መኪና ሄደ። በ1952 የኢትዮጵያና የፈረንሳይ ስምምነት ኩባንያውን ለሁለቱ አገሮች እኩል ያካፈለው፣ በኋላም ጂቡቲ ነፃ ስትወጣ የኢትዮ ጂቡቲ ምድር ባቡር የሆነው ድርጅት ከሃዲዱ ጋር አብሮ አረጀ። የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሰጠበት እድሳት ተጀምሮ አላለቀም። በ2000 አካባቢ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ያለው አገልግሎት ቆመ። አዋሽ ላይ የቀረው ኬላው ነው፤ ባቡሩ የኮንትሮባንድ ዕቃ ሲፈተሽበት የነበረበት ከተማ አሁን የጭነት መኪና ይፈተሽበታል።

አዲሱ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ተመርቆ፣ መደበኛ የንግድ አገልግሎት በታኅሣሥ 2010 ጀመረ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ የሃዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአዳማ ወደ ምሥራቅ ግን እንደ ድሮው ነጠላ መስመር ነው፤ ስለዚህ የመተላለፊያ መስመር ጉዳይ ዛሬም አለ። አዋሽ በዚህ መስመር ላይ መገንጠያ ሆና ተመርጣለች፤ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሃራ ገበያ የሚሄደው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ መስመር ከዚህ ይነሳል፤ ሥራው በ2007 የተጀመረው በቱርክ ተቋራጭ ነው። የከተማዋ ሥራ ሳይቀየር ተሽከርካሪው ተቀየረ። አዳዲሶቹ ጣቢያዎች ግን አብዛኞቹ ከከተማ ወጣ ብለው ስለተሠሩ፣ የድሮው ጣቢያ ዙሪያውን ገበያ እንደሰበሰበ ሁሉ እነሱም ይሰበስባሉ ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል። የድሮው ባቡር መንገደኛውን አሳድሮ ያበላ ነበር፤ ይህኛው በጥቂት ደቂቃ ያልፋል።

የቀረበልኝ የመጀመሪያ ጥያቄ አሮጌዎቹ ፉርጎዎች በአዲሱ ሃዲድ ላይ ለጎብኚ ሊሄዱ አይችሉም ወይ የሚል ነው። አይችሉም። ልዩነቱ 435 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጎማዎቹን ዘንግ ብትለውጡት እንኳ ፉርጎው ከኤሌክትሪክ ባቡሩ የፍሬንና የማገናኛ ሥርዓት ጋር አይገጥምም፤ ክብደቱና ጥንካሬውም ለዚያ ፍጥነት አልተሠራም። ሊሆን የሚችለው በጣቢያው ግቢ ውስጥ ከ200 እስከ 300 ሜትር የሚሆን አሮጌ ሃዲድ ሳይነቀል አስቀርቶ አንድ ፉርጎ በእጅ እየገፉ ማሳየት ነው። እኔ ከዚህ ያለፈ ተስፋ አልሰጥም።

ሁለተኛው ጥያቄ ጣቢያውን ለማደስ ያለው ገንዘብ ትንሽ ከሆነ ከምን ይጀመር የሚል ነው። መልሱ ሰዎችን ቅር ያሰኛል፤ ከቀለም አይጀመርም። መጀመሪያ የሃዲዱ መቀያየሪያ፣ የውኃ ማማው መሠረትና ቧንቧው፣ የስልኩ ክፍል፣ የፉርጎ ማስቀመጫው መስመር ፎቶ ተነስተው በሜትር ተለክተው ይመዝገቡ፤ ቁርጥራጭ ብረት ፈላጊ ቀድሞ የሚወስዳቸው እነዚህን ነውና። ቤቱን ማንም አይሰርቀውም። ቀጥሎ የጣሪያው ቆርቆሮ ይታይ፤ አንድ የላላ ምስማር በአንድ ክረምት አንድ ግድግዳ ያበላሻል። ግድግዳው በኖራ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ልስኑ በሲሚንቶ እንዳይጠገን። ሲሚንቶ እርጥበቱን ያፍናል፤ የቆላው ጨው ከኋላው ይሰበሰብና ልስኑን በሙሉ ገፍቶ ይጥለዋል። አንድ እጅ ለብዙ ሳምንታት የተነከረ ኖራ ከሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ ጋር ይደባለቃል። በአንድ ጊዜ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ውፍረት አይለሰንም። ከለሰኑ በኋላ እርጥብ ጆንያ እየሰቀሉ ቢያንስ ለአምስት ቀን ከፀሐይ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በአዋሽ ሙቀት ያለ ጆንያ የተለሰነ ኖራ በማግሥቱ ይሰነጠቃል። ከዚያ ነጭ ኖራ ሦስት ጊዜ በስሱ ይቀባል። ሥራው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ቢሆን ይመረጣል፤ ሙቀቱ የሚቀንሰውም ዝናብ የማይበዛውም ያኔ ነው።